በረኪና የነካው ሚዶ

ጣይባ ኩዌት ስትገባ ከዓረብኛው ሁሉ ቀድማ የተማረችው «ነዚፍ» የሚለውን ቃል ነው። ንጹሕ ማለት ነው። ሳህኑ ነዚፍ፣ መታጠቢያ ቤቱ ነዚፍ፣ ደጁ ነዚፍ፤ ማዳም አንዱን ነገር ነዚፍ ካለችላት ያ ቀን በሰላም አለፈ ማለት ነው። ደስማ በሚባለው ሰፈር ባለው በዚያ ትልቅ ቤት የበረኪና ባልዲ ይዛ ስትወጣ ስትወርድ ብዙ ዓመት ስለ ኖረች፣ ያደፈ ነገር ካየች እጇ እሷን ሳያማክር ወደ በረኪናው መሄድ ለመደ። መልካም ልማድ ነው የሚል ይኖራል። ይህ መልካም ልማድ ግን ጣይባን ጉድ ሠራት፤ እንዴት እንደሠራት ከሥሩ ማውራት ይሻላል።

ኮሮና በገባ በ2012 ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ኩዌት ውስጥ ቀንም ሌትም ከቤት አትውጡ ተባለ። እነሱ ሐዝር ይሉታል። መንገዱ ጭር አለ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ የጁምዓ ዕረፍት የሚባል ነገር ቀረ። «የቤት ሠራተኛ ድሮም በሐዝር ነው የምትኖረው፤ አሁን ማዳሞቹም ገቡበት እንጂ» ብላ የቀለደችው ለጢፋ ናት። ለጢፋ የጣይባ የአገር ልጅ፣ ፋሐሂል ገበያው ጀርባ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነ ሴት ናት። ሁለቱም የወሎ ልጆች፣ የሰንበሌጥ ወረዳ ልጆች ናቸው።

ሰንበሌጥ ትንሽ ወረዳ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ፣ አንድ መስጊድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላት። ከዚያ ሌላ ያላት ነገር ቢኖር ዓረብ አገር የላከቻቸው ሴቶች ናቸው። ኩዌት ያሉት በኢሞ ቡድን ፈጥረው፣ ማን ወለደ ማን ሞተ እየተባባሉ፣ በድምፅ መልእክት ይንጫጫሉ። በዚያ ቡድን ውስጥ ነው አንድ ቀን የማያውቁት የወንድ ድምፅ የገባው።

ሰውዬው ረሺድ እንደሚባል፣ የታሪክ አስተማሪ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱ በኮሮና ሲዘጋ ወረዳው ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዳዋሰው ተናገረ። አሮጌውን የእህል መጋዘን ኖራ አስቀብቶ የወረዳ ሙዚየም ሊያደርገው ነው። በጥር ይመረቃል። አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ከቤት ቤት እየዞረ ዕቃ እየሰበሰበ ነው፤ የእስካሁኑንም ፎቶ አንሥቶ ላከላቸው። አንድ የተቀደደ ጋሻ፣ የድሮ ዳኛ ወንበር፣ ነጋሪት፣ የግብር እህል ይሰፈርበት የነበረ ቁና፣ ሞፈርና ቀንበር፣ እጀታው የሚዞር ስልክ።

ቡድኑ በሳቅ ፈነዳ። ለጢፋ ሞፈርና ቀንበር ሙዚየም ከገባ የእናቴ ጓሮ ሙሉው ሙዚየም ነው አለች። አሕመዲ የምትሠራው ቤዛዊት ባሏን ይቀበሏት እንደሆነ ጠየቀች፤ ከቆመበት ተነቃንቆ ስለማያውቅ ለመስታወት ውስጥ ይመቻል አለች። ረሺድ ግን የሚቀየም ሰው አልነበረም። ስቆ ሲያበቃ ሁለተኛ መልእክት ላከ፤

«እህቶቼ፣ የሳቃችሁበት እውነት ነው። የመጣልኝ ሁሉ ጋሻና ወንበር ነው፤ የወንድ ዕቃ ነው። የዚህ ወረዳ ሴት ምን ስትሠራ ኖረች ቢለኝ ሰው፣ የማሳየው የለኝም። ገበያ ላይ ባልቴቶቹን ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። የመሕቡባ ሚዶ የት ደረሰ ይሉኛል። የመሕቡባ ልጅ ኩዌት ናት አሉኝ። እዚህ ውስጥ አለች?»

ጣይባ የማዳምን ባል የባባን ዲሽዳሻ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ልብሱ ላይ እንደጣለች ቀረች። ጭሱ ሲያስነጥሳት ነው ያነሣችው።

መሕቡባ እናቷ ናት። በሰንበሌጥ ቆላ ሙሽራ የምታምረው መሕቡባ ከሠራቻት ነው ይባል ነበር። ሰርግ ያለበት ቤት በቅሎ ይልክላታል፤ እሷም ሚዶዋን፣ ወስፌዋንና በኮባ የጠቀለለችውን ለጋ ቅቤ ይዛ ትሄዳለች። ሙሽራዋን በጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ሲነጋ የጀመረችውን ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ትጨርሳለች። ሚዶው ከወይራ የተጠረበ፣ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ከስንት ሙሽራ ራስ ላይ የጠጣው ቅቤ ጥቁር አድርጎታል፤ በጨለማ ቢዳሰስ እንኳ በልስላሴው ይታወቃል። ጣይባ ለስደት ስትነሣ እናትየው ራሷን አበጥራ ሠርታላት፣ ሲያበቃ ሚዶውን ሻንጣዋ ውስጥ ወርወር አደረገችላት። «እዚያ ፀጉርሽን የሚሠራልሽ ብታጪ፣ ቢያንስ የሚያበጥርሽ አትጪ» ነበር ያለቻት። ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። መሕቡባ ስትሞት ጣይባ የሰማችው በስልክ ነው፤ የዚያን ቀንም ምሳ አቅርባ፣ ሳህን አጥባ፣ ያለቀሰችው ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣች ነው።

የእናቷ ፎቶ የላትም። መሕቡባ ፎቶ ትፈራ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥታ እሱም በጎርፍ ሄደ። መቃብሯ ላይ ያለው ድንጋይ ስም የለበትም። ሰንበሌጥ ውስጥ ያን ሁሉ ሴት የዳረች ሰው፣ የሠራቻቸው ባልቴቶች ሲያልቁ አብራ ልታልቅ ነው። ይህ ነገር ጣይባን ሲያንገበግባት የኖረ ነው፤ ለማን ትናገረው? እንግዲህ አሁን በድንገት፣ ካውያ ይዛ በቆመችበት፣ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ፣ ከዳኛው ወንበር አጠገብ፣ የእናቷ ስም ተጽፎ ሰው ሲያነበው ታያት። ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ «አለች! አለሁ! ሚዶውም አለ!» ብላ ጮኸች፤ ከላይ ፎቅ ማዳም ምን ሆንሽ እስክትላት ድረስ።

የዚያን ቀን ሥራ እንዴት እንዳለቀ አታውቀውም። ማታ ክፍሏ ስትገባ ሻንጣዋን ገለበጠችና ሚዶውን አወጣችው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ በጥርሶቹ መሃል የድሮ ቅባት የደረቀበት። አሸተተችው፤ እናቷን አሸተተች። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። አገር ቤት ከዓረብ አገር የተመለሱት ሁሉ ኮሮና ይዘው መጡ እየተባሉ ሰው እንደሚሸሻቸው በየቀኑ ትሰማለች። ከኩዌት የመጣን ዕቃ ማን በእጁ ይነካል? ያውም እንዲህ ያደፈ ነገር። የመሕቡባ ልጅ ቆሻሻዋን ላከችልን ቢሉስ? በሙዚየም፣ በሰው ፊት?

እጇ ወደ ለመደበት ሄደ። በማግሥቱ ባልዲ ውስጥ በረኪና ከውኃ ጋር ቀላቅላ ሚዶውን ነከረችው፤ አላምር ሲላት ንጹሕ በረኪና ጨመረችበት፤ ምሳ አቅርባ ስትመለስ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገችው። ሚዶው እንደተላጠ ሸንኮራ ነጥቶ ወጣ። ጣይባ በደስታ ልትበር ደረሰች። ነጭ ፎጣ ላይ አስቀምጣ፣ መስኮቱን ከፍታ ብርሃን አስገብታ፣ ፎቶ አነሣችውና ለረሺድ ላከችለት። «ነዚፍ!» የሚል ድምፅ ከሥሩ አከለችበት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ጣይባ ያፈሰሰችው ግን የማይለቀም ነበር።

ረሺድ ብዙ ቆይቶ መለሰ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። ሚዶው እንደሚያምር፣ ስላሰበችውም እንደሚያመሰግን ተናገረ። ቀጥሎ «ግን እህቴ፣ ጥቁረቱ የት ሄደ?» አለ። ባልቴቶቹ የሚናገሩት ስለ እንጨቱ እንዳልሆነ፣ እንጨትማ ጠራቢ እንደሞላ፣ የሚናገሩት የእነሱና የእናቶቻቸው የሙሽርነት ቅቤ ስለጠጣው ስለዚያ ጥቁረት እንደሆነ አስረዳት። ዕቃ ሙዚየም የሚገባው እንዳለ ነው፤ ይህን ቀድሞ ባለመናገሩ ጥፋቱ የራሱም ነው አለ። አሁን ያለውን ፎቶ ያዩ የሙዚየሙ ኮሚቴ ሰዎች ግን ከገበያ የተገዛ አዲስ ሚዶ ነው እያሉት ነው።

ያኔ ነው ያስታወሰችው። እናቷ ሚዶ አታጥብም ነበር። ሠርታ ስትጨርስ በራሷ ፀጉር ላይ አንሸራትታ ትጠርገዋለች፤ ጣይባ ልጅ ሆና አንድ ጊዜ ወንዝ ወርዳ ልታጥበው ብትል በቁንጥጫ ነው የመለሰቻት። ሚዶ ከታጠበ የሙሽሮቹ ሲሳይ አብሮ ይታጠባል ባይ ነበረች። ይህን ሁሉ ጣይባ ታውቅ ነበር። እያወቀች የበረኪና ልማዷ ማስረሳቱ ነው ያናደዳት። ባልዲውን በእግሯ መታችው፣ ባልዲው ተደፋ፣ የደፋችውንም ራሷ ወለወለችው።

ሐዝሩ ቀስ በቀስ ሲላላ ክረምቱ አለፈ። በመሃሉ ኮሮና ራሱ ደስማ ድረስ መጥቶ ቤተሰቡን ሁሉ አልጋ ላይ አዋላቸው፤ ጣይባም ታማ ተነሣች። አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ የለም። ማዳም ብቻ ማሽተት ጠፋባት። ሽቶዋን፣ ምግቡን፣ የልጇን አንገት ብታሸት ምንም የለም፤ ለጓደኞቿ በስልክ ስታወራ ታለቅስ ነበር።

መስከረም ላይ የጁምዓ ዕረፍት ሲመለስ ጣይባ አውቶቡስ ይዛ ፋሐሂል ወረደች፤ ሚዶውን በመሐረብ ጠቅልላ ጉያዋ ይዛዋለች። በለጢፋ ክፍል ውስጥ እትዬ አሰገደችን አገኘቻት። እትዬ አሰገደች የሰንበሌጥ ደጋ ሰው፣ ክርስቲያን፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጥ ናት፤ ኅዳር ላይ ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ቆርጣለች። አደራ የሚላከው ሁሉ በእሷ ሻንጣ ነው።

ለጢፋ የነጣውን ሚዶ አገላብጣ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። ወዲያው መላ አገኘች። ከሰል ፈጭተን፣ በቅቤ ለውሰን፣ ጥርሶቹ መሃል ጠቅጥቀን ፀሐይ ላይ ብናውለው ከድሮው ይጠቁራል አለች። ፎቶ ተነሥቶ ይላክ፤ ያኛው የሌላ ሚዶ ፎቶ ነው፣ ተሳስቼ ነው በያቸው። ማን ያውቃል?

ጣይባ ሐሳቡን አልጠላችውም፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ነው የጣማት። የእናቷ ስም የሚጻፍበት መንገድ ይኸው ነው፣ ቀላል ነው፣ ከሰሉም እዚያው ባልኮኒ ላይ አለ። እትዬ አሰገደች ሽማግሌ ሆና ቁጭ ብላ እሷን ታያታለች፤ አድርጊም አታድርጊም አላለችም። ጣይባ ሚዶውን ከለጢፋ እጅ ተቀበለችና በመጨረሻ እንዲህ አለች፤

«እናቴ ፀጉሯ አጭር የሆነ ሙሽራ ስትመጣባት፣ ሌሎቹ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት የሰው ፀጉር ቀጥላ አታውቅም። ስንት ጊዜ ለምነዋታል። ያላትን አሳምርላታለሁ ነበር የምትለው። አሁን እኔ በእሷ ስም ላይ ከሰል ልቀጥል?»

ለጢፋ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፈው ለጢፋ፣ ሻሿን ፈታ ወለሉ ላይ ወረደችና ጀርባዋን ለጣይባ ሰጥታ ተቀመጠች።

«እንግዲያስ በእኔ ጀምሪ» አለች። «ሚዶ ቅቤ የሚጠጣው ከራስ ነው። ራስ ደግሞ እዚህ ሞልቷል።»

ጣይባ አልገባትም። ሲገባት ደግሞ ከለጢፋ ኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እትዬ አሰገደች «እሰይ!» ብላ ተነሥታ ታች ካለው የሐበሻ ሱቅ ቅቤ ልትገዛ ወጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ጣይባ ኩዌት ከገባች ጀምሮ የማንንም ፀጉር ሠርታ አታውቅም። እናቴ እንጂ እኔ እጅ የለኝም ትል ነበር። ከእናቷ ሥር ቁጭ ብላ ቅቤ ስታቀብል፣ ፀጉር ስትከፍል ነው ያደገችው እንጂ ሙሽራ አልሠራችም። አሁን የለጢፋን ራስ በጉልበቷ መሃል ይዛ፣ ቅቤውን በመዳፏ አሟሙታ ስትቀባ፣ ሚዶውን ስትሰድ፣ እጇ ፈራ። ቀጥሎ መፍራቱን ተወ። ጣቶቿ የሚሄዱበትን ያውቁ ነበር። ወዴት እንደሚታጠፉ፣ የት ጠበቅ የት ላላ እንደሚሉ፣ እሷ ሳትነግራቸው ይሄዳሉ። ይኸው እጅ ሳያማክራት ወደ በረኪና የሄደው እጅ ነው እኮ። ለጢፋ በመሃል «ወይኔ ራሴን!» ስትል ጣይባ እናቷ ትል እንደነበረው «ሙሽራ አትጮኽም» አለቻትና ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ከዚያች ጁምዓ ወዲያ የለጢፋ ክፍል የሰርግ ቤት ሆነ። ወሬው በኢሞ ተዛመተና ከአሕመዲ ቤዛዊት መጣች፣ ሌሎችም ከየሰፈሩ መጡ። ዕረፍት የሌላቸው እንኳ ማዳማቸውን ከጀምዒያው ሱቅ ዕቃ ልግዛ ብለው ሾልከው ደርሰዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ ጣይባ ብቻዋን ስትሸከመው የከረመችው ነገር ለሁሉም ጌጥ ሆነ። አንዷ ስትሠራ ሌላዋ ትዘፍናለች፣ ሌላዋ ከአገር የመጣ ወሬ ታወራለች፣ በሩ ላይ ተራ የምትጠብቀው ተራዬ መቼ ነው ትላለች። ጣይባ አንዷን ጨርሳ ወደ ሌላዋ ስትሻገር ሚዶውን በራሷ ፀጉር ላይ አንሸራትታ ትጠርገዋለች። እንጨቱ መጀመሪያ ወዛ፣ ቀጥሎ እንደ ማር ቢጫ አለ፣ ጥቅምት ሲያልቅ ጥርሶቹ ሥር ሥራቸው ጠቆረ። የድሮው ጥቁረት አልተመለሰም። ሌላ ጥቁረት ነበር።

አደጋውም አልጠፋም። ቅቤ የተቀባ ፀጉር የኩዌት ማዳም እንደማትወድ ሁሉም ያውቃል፤ በዚህ ነገር ከቤት የተባረረች አለች። ጣይባ ግን ማዳም ማሽተት ስለጠፋባት ስጋቷን ጥላ ነበር። ኅዳር መግቢያ ላይ አንድ ጁምዓ፣ ከመግሪብ በኋላ ስትገባ፣ ሳሎን የተቀመጠችው ማዳም ቀና አለች።

«ጣይባ፣ ሽኑ ሃዳ? ምንድን ነው የሚሸተው?»

ማዳም ተነሥታ መጣች፤ የጣይባን ሂጃብ ገለጥ አድርጋ አፍንጫዋን ራሷ ላይ ደፋች፤ አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች። ጣይባ የመኖሪያ ፈቃዷን ኢቃማዋንም፣ ሥራዋንም፣ ሁሉንም ስትሰናበት፣ ማዳም ቤቱን በእልልታ አናጋችው። ሸተተኝ! እያለች ወደ ማድ ቤት ሮጠች፤ የሄሉን ብልቃጥ ከፈተች፣ ሽንኩርት ቆረጠች፣ ሽቶዋን ረጨች፣ ልጇን ከእንቅልፉ ቀስቅሳ አንገቱን አሸተተች። ባባ ደንግጦ ከእንግዳ መቀበያው ከዲዋኒያው እየሮጠ መጣ። ደስታው ሲበርድ ማዳም ወደ ጣይባ ዞራ ግንባሯን ሳመቻትና አሁን ሄዳ ራሷን እንድትታጠብ አዘዘቻት። ጣይባም እየሳቀች ታጠበች፤ የማይታጠበው ሚዶው እንጂ፣ ራስማ ይታጠባል።

ለረሺድ እውነቱን የነገረችው ገና በመጀመሪያው ጁምዓ ነው። ከሰሉን አልደበቀችም፣ በረኪናውን አላሳነሰችም። እናቴ የማታደርገውን አደረግሁ፣ አሁን ደግሞ የአገሬ ልጆች ይህን እያደረጉልኝ ነው፤ ካልሆነም ካልሆነ ነው፣ የእናቴን ስም ግን በውሸት እንዳታስገቡት አለችው። ረሺድ ለኮሚቴው አቀርባለሁ፣ ቃል ግን አልገባልሽም ብሎ መለሰ። ቀጥሎ ዝም አለ። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሥራ በዝቶበት ይሁን፣ ክፉ ወሬ መናገር ከብዶት፣ አልታወቀም።

እትዬ አሰገደች የመጨረሻዋ ተሠሪ ነበረች። ሠርታ ስትጨርስ ጣይባ ሚዶውን ልትጠቀልልላት ስትል፣ ሴትዮዋ ተቀብላ ራሷ ላይ ሰካችውና ነጠላዋን አጣፋችበት። ሻንጣ ይጠፋል፣ ራስ አይጠፋም አለች። እንዲያው እንደሰካችው በአውሮፕላን ሄደች። ጣይባ እጇ ባዶ ቀረ። ከእናቷ የነበራት እሱ ብቻ ነበር፤ ኮሚቴው ካልተቀበለው የሚመልስላት መንገደኛ መቼ እንደሚገኝ አላህ ያውቃል።

ጥር መጣ። ምረቃው በሥራ ቀን ነበርና ጣይባ ሩዝ ጥዳ፣ ስልኳን የዱቄት ቆርቆሮ ላይ አስደግፋ ጠበቀች። ለጢፋም፣ ቤዛዊትም፣ ሌሎቹም ከየማድ ቤታቸው በቪዲዮ ገብተዋል፤ ስክሪኑ በትንንሽ ፊት ተሞልቷል። እትዬ አሰገደች ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ መጋዘኑ ውስጥ ገባች። ሰው ይጋፋል፤ ግማሹ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎታል። ጋሻው አለፈ፣ የዳኛው ወንበር አለፈ፣ ነጋሪቱ አለፈ። የሴቶች ዕቃ የተደረደረበት መደርደሪያ መጣ፤ እንዝርት፣ ሙዳይ፣ ድሪ፣ የኩል ብልቃጥ። ሚዶ የለም።

«የለም እንዴ?» አለች ለጢፋ በቀጭን ድምፅ። ጣይባ ዐይኗን ጨፈነች።

«ቆዩ፣ ቆዩ፣ አንዲት ለብቻዋ የተቀመጠች መስታወት አለች» አለች እትዬ አሰገደች። ንባብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመች አነበበችው፤

«ሚዶ። የሙሽሮች ፀጉር ሠሪ የነበሩት የወይዘሮ መሕቡባ ይማም። በ2012 ዓመተ ምሕረት ልጃቸው ጣይባ ኩዌት ላይ በበረኪና አጠበችው። አሁን ያለበት ቅባት በኩዌት በቤት ሥራ የሚኖሩ የሰንበሌጥ ሴቶች የራስ ቅቤ ነው።»

ስክሪኑ በእልልታ ተናጠ። ጣይባ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። የእናቷ ስም አለ። ጥፋቷም እዚያው አለ፣ ለልጅ ልጅ ተጽፏል፤ ለጢፋ በረኪናዋን እንኳ አስመረቀች ብላ እየሳቀች ታለቅሳለች።

ወዲያው አንዲት ባልቴት እትዬ አሰገደችን ገፋ አድርገው ወደ ስልኩ ቀረቡ። እማማ የሺመቤት ናቸው፤ ገበያ ላይ ስለ ሚዶው መጀመሪያ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ። የጽሑፉን ነገር ብዙም አልሰሙት። የመሕቡባ ልጅ የትኛዋ ናት አሉ። ጣይባ እኔ ነኝ፣ እማማ አለች።

«እናትሽ እጇን ለማን ተወችው? ወይስ እንጨቱን ብቻ ነው የላክሽልን?»

ጣይባ እጅ የለኝም ልትል አፏን ከፈተች። ለጢፋ ቀደመቻት። ፋሐሂል ላይ ሆና ሻሿን ከራሷ ላይ ስባ ጣለችና ዞራ ማጅራቷን ለስልኩ ሰጠች። ቤዛዊት ተከተለች። አንድ በአንድ፣ ከአሕመዲም፣ ከየሰፈሩም፣ ሴቶቹ ሻሻቸውን እየፈቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ስክሪኑ ላይ ፊት ጠፍቶ ሹሩባ ብቻ ሆነ።

እማማ የሺመቤት መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ገፋ አድርገው ተጠጉ። ጣታቸውን አንሥተው የለጢፋን ራስ ስክሪኑ ላይ ነኩ።

«ከጆሮ ኋላ ሁለት ጊዜ የምትታጠፈዋን አያችኋት?» አሉ አጠገባቸው ላሉት። «ይህቺን መሕቡባ ብቻ ናት የምታውቃት። እኔን ስትሠራኝ እዚህች ላይ አሞኝ ነበር።»

ጣይባ እንዲህ ያለ ነገር መሥራቷን አታውቅም ነበር። የእናቷ መሆኑንም አታውቅም፤ ጣቶቿ ብቻ ናቸው ያወቁት። ማድ ቤቱ መሃል ቆማ፣ የወራት ሐዘኗን በአንድ ጊዜ እያለቀሰች፣ ባልቴቷ ጣታቸውን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው እያሻገሩ «ይህችም የመሕቡባ ናት፤ ይህችም የመሕቡባ ናት» ሲሉ ትሰማቸው ነበር።